ሌሊቱ የእሱ፣ ቀኑ የእኔ፦ ድሬ ላይ ባልና ሚስት ሆኖ ዳቦና ፓይ ቤት ማስኬድ

ድሬዳዋ ላይ ዳቦ ቤት ለመክፈት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ምድጃ ነው። ስንት ትሪ ይይዛል? አዲስ ይሻላል ያገለገለ? እኔ ደግሞ «በረዶ ከየት ታመጣለህ?» እለዋለሁ። የቀለድኩበት ይመስለዋል።

ሰፈራችን ሳቢያን ነው። ባለቤቴ ዳቦውን ይሠራል፣ እኔ ፓዩን። ፓይ ስል በፍራፍሬ የሚሠራውን ጣፋጭ ማለቴ አይደለም። ሥጋ፣ ምስር ወይም ድንች በሊጥ ተሸፍኖ ምድጃ ውስጥ የሚበስለውን ነው። ግማሹ ደንበኛችን «የምድጃ ሳምቡሳ» ይለዋል። እስከገዛ ድረስ የፈለገውን ይበለው።

ከውጭ ሲታይ ሁለቱ አንድ ሥራ ይመስላሉ። ያው ዱቄት፣ ያው ምድጃ። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የዳቦ ሊጥ ሙቀት ካገኘ ማንንም አይጠብቅም፣ ኩፍ ብሎ ይገነፍላል። ፓዩ ውስጥ የሚገባው ሥጋ ደግሞ ሙቀት ካገኘ ይበላሻል። እንደ ድሬ ባለ ከተማ ሁለቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ማስኬጃው መንገድ ሰዓት መካፈል ነው። ሌሊቱ የዳቦው፣ ቀኑ የፓዩ። ባልና ሚስት መሆን የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይነሳል፣ ቤቱ ግን ክፍት ነው። ብቻዬን ሁለቱንም እሠራለሁ ያለ ሰው ወይ ዳቦው ይኮመጥጥበታል፣ ወይ ራሱ ይታመማል።

ቤት ስትፈልጉ

ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነ ቤት ተዉት። ኪራዩ ቢረክስም ተዉት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ መደርደሪያው ላይ ትወጣለች። ዳቦው ይደርቃል፣ እናንተም ትደርቃላችሁ።

ስሪ ፌዝ መብራት መግባቱን ውል ከመፈረማችሁ በፊት በዓይናችሁ እዩ። ለኤሌክትሪክ ምድጃና ለትልቅ ማቡኪያ ማሽን የመኖሪያ ቤት መስመር አይበቃም። «በኋላ ይገባል» የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ፣ እስኪገባ ድረስ ኪራይ እንደማትከፍሉ ውሉ ላይ አስጽፉ። ፊቱ ሲለዋወጥ ታያላችሁ።

ሮቶው የት እንደተቀመጠም ተመልከቱ። ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሮቶ በቧንቧው የሚያወርደው ውሃ ለገላ መታጠቢያ እንጂ ለሊጥ አይሆንም። ወደ ጥላ አውርዱት፣ ወይም ቆርቆሮና ሰሌን ዳስ አድርጉለት። የድሬ ውሃ ኖራውም ብዙ ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ታውቁታላችሁ። ዳቦውን አይጎዳውም፣ ውሃ የሚያሞቅ ዕቃን ግን ቶሎ ቶሎ ማጽዳት ነው።

ዝቅ ያለ ቦታ፣ በተለይ የደቻቱ ወንዝ ዳር፣ አልመክርም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ስንቱን ሰውና ቤት ይዞ እንደሄደ ድሬ የኖረ ሰው አይረሳውም። የዚያን ያህል ባይመጣ እንኳ ዱቄት የአንድ ስንዝር ውሃ አይችልም። የትም ብትከራዩ ጆንያውን የእንጨት ርብራብ ላይ ደርድሩት፣ ከግድግዳውም አራርቁት። አየር ካልዞረው ነቀዝ ቀድሟችሁ ይበላዋል።

ፈቃዱ በአንዳችሁ ስም መውጣቱ አያጣላችሁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ይሠራል። በዚያ ሕግ መሠረት ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ ሠርተው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ሀብታቸው ነው። ስለዚህ ንግድ ፈቃዱ ላይ ማን ይጻፍ ብላችሁ ከምትከራከሩ፣ ቢሮ ለቢሮ ለመመላለስ ትዕግሥት ያለው ሰው በስሙ ያውጣው። እኛ ቤት ያ ሰው እኔ ነኝ።

ሌሊት፦ ዳቦው

ብዙ ሰው የዳቦ አሠራር ከአዲስ አበባ ሙያተኛ ይማርና እንዳለ ድሬ ያመጣዋል። አዲስ አበባ ከድሬ በአንድ ሺህ ሜትር ይበልጥ ከፍ ትላለች። እዚያ ሊጡ እንዳይበርደው ጋቢ ይለብሳል። እዚህ በዚያው መጠን እርሾ ብትጨምሩ ሻይ ሳትጠጡ ሊጡ ከገንዳው ወጥቶ ይጠብቃችኋል። ሐረር እንኳ ያው አይደለም። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት እንደወጣችሁ የሚቀበላችሁን ብርድ አስቡት። ሐረር የምትጋግር እህቴ የእኛን መጠን ወስዳ ብትሠራበት ሊጡ አልነሳ ብሏት እያፈጠጠች ነው የምትቀመጠው።

ለ50 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት የእኛ መጠን ይህ ነው፦ ውሃ 29 ሊትር፣ ጨው 900 ግራም፣ ደረቅ ፈጣን እርሾ 250 ግራም። ዱቄቱ እንደየፋብሪካው ስለሚለያይ ውሃውን አንድ ሁለት ሊትር ከፍ ዝቅ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ጨውና እርሾውን ግን በእፍኝ አትስፈሩ፣ ሚዛን ግዙ። ሲደመር 80 ኪሎ ያህል ሊጥ ይሆናል። አንዱን ዳቦ 115 ግራም አድርጋችሁ ብትቆርጡት 700 ገደማ ይወጣል። ምድጃ ውስጥ ውሃው ሲተንና ሲቀዘቅዝ 100 ግራም ላይ ያርፋል። ሊጡን 100 ግራም ቆርጦ «መቶ ግራም ዳቦ» ብሎ የሚሸጥ አለ። ደንበኛ ቤቱ ሚዛን ባይኖረው እጁ ሚዛን ነው።

አሁን ወደ በረዶው። ሊጥ ከማቡኪያው ሲወጣ 25 ዲግሪ አካባቢ ቢሆን ነው የሚታዘዘው። እዚያ የሚያደርሳችሁ የውሃው ቅዝቃዜ ነው፣ እሱም በግምት ሳይሆን በሒሳብ ይገኛል። 25ን በሦስት አባዙ፣ 75። ከዚያ ላይ የክፍሉን ሙቀት፣ የዱቄቱን ሙቀትና ማሽኑ ራሱ ሲያሽ የሚጨምረውን ሙቀት ቀንሱ። የእኛ ማሽን 8 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ የእናንተን አንድ ቀን ለክታችሁ እወቁት። የቀረው ቁጥር የውሃው ሙቀት ነው።

በሞቃቱ ወራት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ክፍሉ 27፣ ዱቄቱ 28 ነው እንበል። 75 ሲቀነስ 27፣ ሲቀነስ 28፣ ሲቀነስ 8፣ 12 ይቀራል። የቧንቧው ውሃ 28 ከሆነ ከ29 ሊትሩ ውስጥ 4 ኪሎ ከሩቡን በረዶ ማድረግ ወደ 12 ያወርደዋል። በረዶው ከውሃው ላይ ይቆጠራል፣ ተጨማሪ አይደለም። በደንብ ይድቀቅ፤ አለበለዚያ ሊጡ ታሽቶ ሲያልቅ አንዳንዱ ቁራጭ ሳይሟሟ ይቀራል። ያ ቦታ ነጭ ዱቄት እንደቋጠረ ይጋገራል።

ይህንኑ ሒሳብ ለቀትር ሥሩት። ክፍሉ 34፣ ዱቄቱ 33። መልሱ ዜሮ ነው። ስለዚህ ድሬ ላይ በቀትር ሊጥ አይቦካም። ለማታ ዳቦ የምናቦካው ወይ ማለዳ ነው፣ ወይ ፀሐይዋ ከበረደች በኋላ። በዚያ ላይ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ከተማው ተኝቶ ወይም ቅሞ ነው የሚያሳልፈው፣ ማን መጥቶ ሊገዛችሁ?

የቴርሞሜትር ወጪ ከአንድ የተበላሸ ሊጥ ኪሳራ ያንሳል። እጅን አትመኑ። ሌሊቱን ሙሉ ምድጃ አጠገብ የቆመ እጅ ሁሉ ነገር ቀዝቃዛ ይመስለዋል።

የተቆረጠው ሊጥ መድረሱን በጣት ጫን አድርጋችሁ እዩ። ጉድጓዱ ቶሎ ከሞላ ገና ነው። ቀስ ብሎ፣ እየተንቀረፈፈ ከሞላ ይግባ። ጭራሹን ካልሞላ አልፏል፣ ፈጥናችሁ አስገቡት። 220 ዲግሪ፣ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ። ትኩስ ዳቦ በፌስታል አትስጡ። ያልበዋል፣ ይለጠፋል፣ በማግስቱ ይሻግታል። ደንበኛው «አቦ አትጨቃጨቂ፣ ስጪኝ» ይላል። በወረቀት ጠቅልላችሁ ስጡት።

መብራት ከሄደ ከሁሉ በፊት ያልተቆረጠውን ሊጥ አድኑ። ከፋፍላችሁ ዘይት በተቀቡ ሰፋፊ ዕቃዎች አድርጉትና፣ ክዳኑ ላይ በረዶ የያዘ ፌስታል አስቀምጡ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ያስታግሳል። ከዚያ ካለፈ ድጋሚ መትታችሁ አየሩን አስወጡት። ሁለተኛ ጊዜ ካለፈ ግን ዳቦ ይሆናል ብላችሁ አትድከሙ። ከአዲስ ሊጥ ጋር ከአምስት አንድ እጅ እየቀላቀላችሁ ጨርሱት፣ ጣዕሙን እንዲያውም ያሳምረዋል።

ቀን፦ ፓዩ

በኢንተርኔት የምታዩት ፓይ ቅቤው ደርቆ፣ ከዱቄት ጋር እንደ ፍርፋሪ ተሽቶ፣ ሊጡ ፍሪጅ ገብቶ የሚሠራ ነው። ድሬ ላይ እሱን መሥራት ከአየሩ ጋር ትግል መግጠም ነው። ቅቤ ከ32 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል፣ ኩሽናችን ደግሞ 34 ነው። ዳምጣችሁ ሳትጨርሱ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል።

ከሙቀት የሚስማማ ሌላ ሊጥ አለ። በእንግሊዝ አገር ረጃጅሙ የሥጋ ፓይ የሚሠራበት፣ በፈላ ውሃ የሚቦካው ነው። እዚያ የአሳማ ስብ ይገባበታል። እኛ የሚረጋ የአትክልት ዘይት እናደርጋለን። ለጾምም ይሆናል፣ ማንም ደንበኛ አያኮርፍም።

1 ኪሎ ዱቄት ሰፊ ሳህን ላይ። 420 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 350 ግራም የሚረጋ ዘይትና 20 ግራም ጨው ድስት ውስጥ አድርጋችሁ ዘይቱ እስኪቀልጥና ውሃው እስኪንተከተክ ጣዱት። እንደፈላ ዱቄቱ ላይ አፍስሱና በእንጨት ማንኪያ አማስሉ። በእጅ አትንኩ፣ ያቃጥላል። እጅ የሚችለው ሲሆን ለስለስ እስኪል ብቻ እሹት፣ ካበዛችሁት ይጠነክራል። እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ 20 ደቂቃ አሳርፉት።

ይህ ሊጥ ሲቀዘቅዝ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ብርድ አገር ያሉ ሰዎች እየተሯሯጡ ነው የሚሠሩት። እኛ ጋ ከተማው ራሱ ያሞቅልናል፣ ተረጋግታችሁ ዳምጡ። ከአንድ ኪሎ ዱቄት 110 ግራም የሚመዝኑ 16 ፓዮች ይወጣሉ። ከ110ሩ 70 ለታች፣ 40 ለክዳን።

መሙያው ላይ ግን ቀልድ የለም። ማታ ይሠራል፣ ሌሊቱን ፍሪጅ ያድራል፣ ማለዳ በርዶ ይሞላል። ለ16 የሥጋ ፓይ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ሥጋ በቢላዋ ደቀቅ ተደርጎ ይከተፋል፤ በማሽን የተፈጨው ይልማል። 800 ግራም ሽንኩርት፣ 500 ግራም ተቀቅሎ በትንንሹ የተቆረጠ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ከሙን፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ድንብላል፣ 22 ግራም ጨው። ሽንኩርቱና ቃሪያው ከቀፊራ ገበያ ይሻላል፣ ማለዳ ከሄዳችሁ። ሥጋው ውሃውን ሙሉ በሙሉ እስኪመጥ ይጠበስ። ድስቱን አዘንብላችሁ ስታዩት የሚወርድ ነገር ካለ አልደረሰም።

ለምስሩ ድፍን ምስር ውሰዱ። ክኩ ይፈርስና ወጥ ይሆናል። ጥርስ ሳይለቅ አውጥታችሁ አጥልሉት፣ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን ለየብቻ አቁላልታችሁ ቀላቅሉ። ድንቹ ላይ ቆስጣ ጨምሩ፣ ቆስጣውን ግን በጨርቅ ጨምቁት። ለሁሉም የሚሆን አንድ ዘዴ አለ፦ ያደረ ዳቦ አድርቃችሁ ፍጩና ከመሙያው ሥር፣ የታችኛው ሊጥ ላይ አንድ ማንኪያ በትኑ። የሚወርደውን እርጥበት እሱ ይጠጣዋል፣ የፓዩ ቂጥ አይላቁጥም። ያልተሸጠ ዳቦም በዚህ መንገድ ገንዘብ ይሆናል።

በድስት ሙሉ የተሠራ መሙያ ከነድስቱ ፍሪጅ አይገባም። ዙሪያው ይበርዳል፣ መሀሉ እስከ ንጋት ለብ እንዳለ ይቆያል፣ የሚበላሸውም ከዚያ ጀምሮ ነው። በትሪ ላይ ሁለት ጣት ያህል ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት፣ በፋን አስመቱት፣ እንፋሎቱ ሲያልቅ አስገቡት። የበሰለ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ሁለት ሰዓት ይቆያል የሚባለው ለቀዝቃዛ አገር ነው። ክፍሉ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ፍሪጁ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ባለቤቴ ሳይቀር ያነበዋል።

ስትሞሉ 120 ግራም ያህል አድርጉ፣ ጠርዙን በውሃ አርጥባችሁ ክደኑ፣ በሹካ ተጫኑት። ክዳኑን ቀዳዳ አድርጉለት፣ ካልተነፈሰ ይፈነዳል። እኛ በቀዳዳው ነው የምንለየው፤ አንድ ቀዳዳ ሥጋ፣ ሁለት ምስር፣ ሦስት ድንች። ጠዋት ሰልፍ ሲበዛ እየቆረሱ ከመፈተሽ ይህ ይሻላል። የሥጋው ላይ እንቁላል ይቀባል፣ የጾሙ ላይ ስኳር የሟሟበት ውሃ። ብሩሾቹ ይለያዩ። አንድ ጊዜ እንቁላል የነካ ብሩሽ የጾሙን ከነካ፣ ያንን ትሪ ሙሉ ለጾመኛ መሸጥ ነውር ነው።

የመጨረሻው ዳቦ እንደወጣ ምድጃው 220 ላይ ነው። በሩን ለትንሽ ጊዜ ከፈት አድርጋችሁ ወደ 200 ስታወርዱት ለፓዩ ደረሰ ማለት ነው። ለዳቦው የተከፈለበት መብራት ፓዩንም ያበስላል። ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጅበታል። ቴርሞሜትሩን በቀዳዳው አስገብታችሁ መሀሉ 75 ዲግሪ መድረሱን እዩ። ይህ የመጀመሪያው ዙር ለቁርስ ነው፤ የባጃጅ ሾፌሮችና ቢሮ የሚገቡ ሰዎች 1 ሰዓት ተኩል ላይ ያነሱታል። የቀረውን ጥሬውን ፍሪጅ አስቀምጡና 9 ሰዓት ተኩል ላይ ጋግሩ። 10 ሰዓት ላይ ከተማው ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ ከሻይ ጋር ትኩስ ነገር ይፈልጋል።

የመንገድ ዳር ሳምቡሳ ከሚጠብሱት እናቶች ጋር በዋጋ አትፎካከሩ። አታሸንፏቸውም፣ ማሸነፉም ደስ አይልም። እነሱ የሚሸጡት ለአፍ ማሟሻ ነው። ፓይ ግን አንድ ሰው በልቶት ምሳ እስኪደርስ የሚያቆየው ነገር ይሁን፤ ትልቅ አድርጋችሁ፣ በዋጋውም ሳታፍሩ ሽጡት።

የማን ሥጋ ነው?

ድሬ ላይ ሥጋ ያለበት ነገር ስትሸጡ የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋ አይደለም፣ ይህ ነው። መልሱ አጭር ካልሆነ ደንበኛ ይሄዳል። ሁለቱንም ዓይነት ሥጋ በአንድ ኩሽና አንሠራም በሉ፣ አንዱን ምረጡ፣ ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፉ።

እኛ የምንገዛው የሙስሊም ሥጋ ብቻ ነው። ከደንበኞቻችን የሚበዙት እሱን ነው የሚበሉት። እኔና ባለቤቴ ክርስቲያን ነን፣ ስለዚህ የምንሸጠውን የሥጋ ፓይ ቀምሰነው አናውቅም። ሥጋውን ከልኳንዳ የምታመጣው፣ የምትጠብሰው፣ የምትቀምሰውም አብራን የምትሠራው ሙስሊም ልጅ ናት። ድስቱ፣ ቢላዋው፣ ትሪው የእሷ ነው። እኔ የምይዘው ሚዛኑን ብቻ ነው። ጨው በግራም ይመዘን ብዬ ሙጭጭ ያልኩት አንድም ለዚህ ነው። «ጨው አነሰው» ስትለኝ ደብተሩ ላይ ሁለት ግራም እጨምራለሁ። ክርስቲያኑ ደንበኛ ምስርና ድንች ይወስዳል። በአንድ ምድጃ መግባቱን የማይወድ ሰውም አለ። አንከራከረውም፣ ዳቦ ይገዛና ይሄዳል።

ገንዘቡና ጭቅጭቁ

ሁለታችንም በየጠረጴዛችን የበላይ ነን። ዳቦው ላይ የመጨረሻ ቃል የእሱ፣ ፓዩ ላይ የእኔ። «ምስሩ ላይ ትንሽ በርበሬ ብታደርጊበት» ሊል ይችላል። እኔም «ዛሬ ዳቦው ጠቆር ብሏል» እላለሁ። ከአንድ ጊዜ በላይ ግን አንደጋግመውም፣ ደንበኛ ፊት ደግሞ ጭራሽ አናነሳውም። የገንዘብ ወሬ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ አይወራም። አንዱ ገና እየነቃ ነው፣ ሌላው ሊተኛ ነው፤ ከዚህ ወሬ ጠብ እንጂ ሒሳብ አይወጣም። የእኛ የሒሳብ ሰዓት እሑድ ከምሳ በኋላ ነው።

ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡ፣ ለሁለታችሁም። ትንሽ ይሁን ግን ይቆረጥ። ቤተሰብ ነን ብሎ ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ከመሳቢያው እየቆነጠረ ነው የሚኖረው፣ ከዚያ ቤቱ ያትርፍ ይክሰር ማንም አያውቅም። የዱቄት ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ፣ ለእቁብም አይነካ። እቁብ ለማሽን ነው። ማቡኪያችንን የገዛነው በእቁብ ነው፤ ዕጣው እስኪወጣ ግን ዱቄት የሚገዛበት ገንዘብ አልተነካም።

ዋጋ ስታወጡ ዱቄቱን፣ ዘይቱንና ሥጋውን ብቻ ደምራችሁ አትቁሙ። መብራቱን፣ ኪራዩን፣ ደመወዙንና ሳይሸጥ የሚቀረውን ጨምሩ። ሒሳቡን አዲስ ጆንያ በተገዛ ቁጥር እንደገና ሥሩት፣ ዱቄት ዋጋው አይቀመጥም። ዳቦ ላይ ሰው ለሳንቲም ዓይኑን ያፈጣል፣ ትርፉም የሚጨመቀው እዚያ ነው። የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ፓዩ ነው፣ ሰዉን ወደ በሩ የሚያመጣው ግን ዳቦው ነው። አንዱን ዘግታችሁ በሌላው ልኑር ካላችሁ ሁለቱም ይቀራል።

ዱቤን በተመለከተ፣ አንሰጥም ማለት የሰፈር ዳቦ ቤት ላይ አይሠራም። ልጅ ይላካል፣ «እማዬ ነገ ትከፍላለች ብላለች» ይላል፣ ልጁን ባዶ እጁን አትመልሱትም። ዳቦ ብቻ በዱቤ ይሂድ፣ ፓይ እጅ በእጅ ይሁን። ደብተሩን የሚይዘውም አንድ ሰው ይሁን። ሁለት ሰው የያዘው ደብተር ላይ ሁልጊዜ አንዱ ያልጻፈው ዳቦ ይኖራል።

ዓመቱን በቀን መቁጠሪያ መያዝ

ሁለት ቀን መቁጠሪያ ግድግዳ ላይ ስቀሉ፣ የሐበሻውንና የሒጅራውን። ረቡዕና ዓርብ የምስሩንና የድንቹን ቁጥር ከፍ ማድረግ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ እንቁላል የሚቀባውን የሥጋውን ያኔ ለሚበላው ብቻ በጥቂቱ።

በረመዳን ሰዓቱ ሁሉ ይገለበጣል። የጠዋቱ ቁርስ ይቀዘቅዛል፣ የእኛም የማለዳ ዙር ግማሽ ይሆናል። መግሪብ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደው ሶላት፣ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ግን በሩ ላይ መቆሚያ አይኖርም። ለማፍጠሪያ ትንንሹን ፓይ ሥሩ፣ በ60 ግራም ሊጥ፤ ጾም የዋለ ሆድ ትልቁን በአንዴ አይችልም። ሁሉም ከመግሪብ በፊት ምድጃውን ለቆ መውጣት አለበት። አዛን ካለ በኋላ የወጣ ትሪ ማደሩ ነው። ለሱሁር፣ ከንጋት በፊት ለሚበላው ምግብ፣ የሚሆን ዳቦ ማታ 4 ሰዓት ላይ ይወጣል። ያን ወር ባለቤቴ ቀን ይተኛል፣ እኔ ደግሞ ከእኩለ ቀን በፊት ኩሽና አልገባም።

ቁልቢ ገብርኤል በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፣ ታኅሣሥ 19ና ሐምሌ 19፣ ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ገበያ አይደሉም። የታኅሣሡ ነቢያት ጾም ውስጥ ይወድቃል። ከየአገሩ በድሬ በኩል የሚያልፈው ምዕመን የሚፈልገው የጾም ነገር ነው፣ ሥጋውን ቀንሱት። የሐምሌው ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ካልዋለ በስተቀር ፍስክ ነው። ለመንገድ የሚሆነው የምስሩ ነው፤ የድንቹ ከነቆስጣው እርጥብ ስለሆነ መኪና ውስጥ ቶሎ ይሞታል። ሙሉ ለሙሉ ሳይቀዘቅዝ አታሽጉት፣ በዚያው ቀን እንዲበላም ንገሯቸው። ድፎ ዳቦ የሚያዝም ብዙ ነው፣ እሱ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይመዝገብ። ግማሹን ቀብድ ሳትቀበሉ ትዕዛዝ አትያዙ። መኪናው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስቶ የሄደ ሰው ዳቦውን ሊወስድ ተመልሶ አይመጣም።